ሁለቱ ሃይላንዶች

ደጀን ውስጥ ቤቴን ለሚጠይቅ እንግዳ የሰፈር ልጆች የሚሰጡት ምልክት “ጀሪካን የተሰቀለበት የሲስተር ቤት” የሚል ነው። ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም “ሲስተር” የሚለው ስም አልለቀቀኝም። ጀሪካኑም በሬ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ባላ ተክዬ፣ በላያቸው አግዳሚ አጋድሜ፣ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን በእጀታው ሰቅዬበታለሁ። ከአፉ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ በፊት ለፊቱ በኩል፣ በጋለ ሚስማር የተበሳ አንድ ቀዳዳ አለው። ከአንገቱ የታሰረ ገመድ ወደ መሬት ወርዶ ከአንዲት አጭር እንጨት ጋር ይገናኛል። እንጨቷን በእግር ረገጥ ሲያደርጓት ጀሪካኑ ያጎነብሳል፣ ውኃውም ይወርዳል። እግር ሲነሳ ጀሪካኑ ቀና ይላል፣ ውኃውም ይቆማል። በቆሸሸ እጅ የሚነካ ነገር የለውም፤ አንድ ሰው ለመታጠብ የሚፈጀው ውኃም ከአንድ ኩባያ አይበልጥም። ወጪው ይነገር ከተባለ፣ ዘይቱን በልተነዋል፣ እንጨቱ ከጓሮ ነው፣ ገመዱን ከአሮጌ ማዳበሪያ ፈትዬዋለሁ። የተገዛው ሚስማሩ ብቻ ነው፤ እሱም ሥራውን ሲጨርስ የፎጣ መስቀያ ሆኗል።

መሥራት ለምትፈልጉ ሁለት ነገር ልጨምር። ውኃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ጠጠር አፍሱበት፤ አለበለዚያ ጭቃና የትንኝ መሰብሰቢያ ይሆናል። ሳሙናውን ደግሞ በስተህ በገመድ እሰሩት፣ አለዚያ ቁራ ይወስደዋል። እንደ ቀልድ አትዩት፣ እኔ በአንድ ወር ሦስት ሳሙና ተወስዶብኛል። ሳሙና ያልተገኘ እንደሆነ ንጹሕ አመድም እጅ ያጠራል።

እንዲህ ያለውን ሥራ የወደድኩት በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ከደጀን ተነስቶ በቢቸና በኩል ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ስመላለስ ነው። ያን ጊዜ የጤና ሰዎች ሁሉ ወሬ ትራኮማ ነበር። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይኗን የሚፍቃት፣ በወረንጦ እየነቀለች የምትውል እናት በየመንደሩ ነበረች። በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን የምታመላልሰው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አይሆንላትም። ስለዚህ ፊት ከመታጠቡና ከመድኃኒቱ ጋር መጸዳጃ ቤት መቆፈርም ሕክምና ነበር። ሞጣ ከተማ በሚገኝበት በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ያን ሰሞን በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከሃያ ሺህ በላይ መጸዳጃ ቤት ተሠራ። ሲሚንቶ የለ፣ ቆርቆሮ የለ። ጉድጓዱ ላይ ግንዲላ ይረበረባል፣ በጭቃ ይመረጋል፣ ዙሪያው በጭራሮ ወይም በሣር ይታጠራል፤ በቃ።

ብዙ ሰው ያልጠበቀው ግን ሥራውን ወደፊት የገፉት ሴቶቹ መሆናቸውን ነው። ወንዱ ሲያሻው ከእርሻው ዳር ዞር ይላል። ሴቲቱ ግን ሰው እንዳያያት ጨለማ እስኪሆን መጠበቅ ነበረባት፤ ታማም ሆነ አርግዛ ቀኑን ሙሉ ይዛው ትውላለች። ስለ ዝንብ ያወራነውን በትዕግሥት አዳመጡን፤ ባሎቻቸውን ያስቆፈሩት ግን በራሳቸው ምክንያት ነበር። እኔም በዲፕሎማዬ ያልተማርኩትን ከእነሱ ተማርኩ። በእጃችን ያለው ነገር ብዙ ችግር ይፈታል፣ የሚጎድለው የሚያስቸኩል ምክንያት ነው።

ጡረታ ስወጣም ይህንኑ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ጡረታ የሚያወላዳ ገንዘብ እንዳልሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ግድግዳዬን በየሁለት ዓመቱ ራሴ እመርጋለሁ። የደጀን ጥቁር አፈር ለጤፍ ነው የተፈጠረው፤ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ የትኋን ቤት ነው። ቀይ አፈር ፈልጋችሁ ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ፣ በየሁለት ቀኑ ውኃ እየጨመራችሁ እየረገጣችሁ ለሳምንት ያህል አቆዩት። መሽተት ሲጀምር ደርሷል። የመጨረሻውን ልስን በእበት ካደረጋችሁት እጅ እስኪያንሸራትት ይለሰልሳል። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ “ሲስተር ጭቃ ረገጠች” ብለው ሳቁብኝ፤ ዛሬ ጭቃዬ ሲደርስ ባልዲ ይዘው የሚመጡት እነሱው ናቸው።

ወጥ ቤቴን ደግሞ ከጉልቻ አላቅቄዋለሁ። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተሠራ ባለ ስድስት ቁራጭ ነው፤ አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን ይከባሉ፣ ሁለቱ ከኋላ የጭሱ መውጫና የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እሱን ገዛሁት። የተቀመጠበትን መደብ ግን በድንጋይና በጭቃ እስከ ወገቤ ድረስ ራሴ ገነባሁት። በሥራ ዘመኔ እሳት ውስጥ የወደቀ ሕፃን ስንቱን አይቻለሁ፤ መሬት ላይ የሚነድ እሳት ቤቴ እንዲኖር አልፈልግም ነበር። ይህን የምናገረው ስለ ልጅ አደጋ የማላስብ ሴት እንዳልነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው።

አሁን ወደ ሃይላንዱ ልምጣ።

ሃይላንድ የምንለው የታሸገ ውኃ የሚሸጥበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ስሙ ከአንድ የውኃ ዓይነት የወጣ ሆኖ ለሁሉም ማዕረግ ሆኖ ቀርቷል። ደጀን የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ሁሉ የአባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ሽቅብ ወጥቶ እኛ ዘንድ ነው የሚተነፍሰው። ተሳፋሪው በበረሃው ሙቀት የጠጣበትን ባዶ ሃይላንድ እኛ ጋ ይጥለዋል። እኔም እሰበስባለሁ። ሽሮ እከትበታለሁ፣ ምስር እከትበታለሁ፣ ወገቡን ቆርጬ ችግኝ አፈላበታለሁ። ባለ አንድ ሊትሩን ለተቅማጥ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ለመለኪያ አስቀምጠዋለሁ። ፓኬቱ የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ በጥብጣ የምትሰጥ እናት መድኃኒቱን አወፍራ ልጇን ትጎዳዋለች። ፓኬት ከጠፋ በዚያው አንድ ሊትር ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል።

ለልጅ ልጄም በሃይላንድ የራሱን የእጅ መታጠቢያ ሠራሁለት። ደብረ ማርቆስ ያለችው ልጄ ክረምት ክረምት ታመጣልኛለች። ያን ጊዜ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ የጀሪካኑን መርገጫ ለመርገጥ ክብደቱ አይበቃም። ስለዚህ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከወደ ታቹ በመርፌ ቢጤ በስቼ፣ ውኃ ሞልቼ፣ በቁመቱ ልክ ሰቀልኩለት። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ሲዘጋ ውኃው በቀዳዳው አይወርድም፤ ክዳኑ ላላ ሲል አየር ይገባና ይወርዳል። ልጁ ይህን ሲያይ በደስታ አበደ። “እማማ ፈታሁት! እማማ ዘጋሁት!” ሲል ይውላል። ያቺ ትንሽ እጅ ክዳን መፍታት እስክትችል ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አስተማርኩት። ለጎረቤቶቼም እያሳየሁ ኮራሁበት።

ሐምሌ ነበር። ከአባይ ገደል የሚነሳው ጉም ቤቱን ሸፍኖታል፣ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለኩራዙና ከሰል ለማቀጣጠል ላምባ አስገዛሁ። ያመጣው ልጅ የያዘው ዕቃ አፉ የተሰነጠቀ ስለነበር በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ገለበጥኩት። ክዳኑን አጠበቅሁና ከወጥ ቤቱ በር ኋላ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። “በኋላ አነሳዋለሁ” አልኩ። የልጁን መታጠቢያም ያን ዕለት ውኃ አልሞላሁትም ነበር።

የሆነውን ቆይቼ ነው የገጣጠምኩት። ልጁ በጭቃ ተጫውቶ መጣ። እንዳስተማርኩት እጁን ሊታጠብ ወደ ሃይላንዱ ሄደ፤ ባዶ ነው። ሌላ ሃይላንድ ፈለገ፣ ከበሩ ኋላ ሙሉ አገኘ። ክዳኑን ፈታ። መልኩ ውኃ፣ ዕቃው ውኃ። ጠማው መሰለኝ፣ ጎንጨት አለለት።

የሰማሁት ሳሉን ነው። ስደርስ ፊቱ በርበሬ መስሏል፣ ያስላል፣ ልብሱ ላይ ላምባው ፈሷል። ጩኸቴን የሰማችው ጎረቤቴ ወተት በኩባያ ይዛ ሮጣ መጣች፣ “ቶሎ ጣትሽን ጉሮሮው ውስጥ ክተችና ያስመልስ!” አለችኝ። በሕይወቴ ያን ያህል በቁጣ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ኩባያውን በእጄ መለስኩት። ቆይቼ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እሷ ያደረገችው አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ላምባ ልጅን የሚጎዳው ከሁሉ በላይ ሳንባ ሲገባ ነው። ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ ልጁ ሲያስመልስ ወደ ላይ የመጣው በቀላሉ ወደ ሳንባው ይንሸራተታል። ስለዚህ አታስመልሱት። ወተትም፣ ዘይትም፣ እንቁላልም አትስጡት፤ ላምባውን አይገድሉትም፣ ያስመልሱታል እንጂ። ላምባ የነካውን ልብስ አውልቁለት፣ ቆዳውን በውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ቀና አድርጋችሁ ታቀፉትና ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። የጠጣበትን ዕቃም ይዛችሁ ሂዱ። “አሁን ደህና ሆኗል” ብላችሁም ቤት አትቀመጡ፤ የትንፋሹ ችግር ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በረኪና የጠጣ ልጅንም እንዲሁ ማስመለስ አይገባም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥለዋል።

እኔ ሸሚዙን አወለቅሁ፣ አጠብኩት፣ በጋቢ ጠቅልዬ ታቀፍኩት። ባጃጅ እስኪመጣ ሰዓቴን አውጥቼ ትንፋሹን ቆጠርኩ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው ይባላል። የእሱ 38 ነበር። ስንት ዓመት በሰው ልጅ ደረት ላይ የቆጠርኩት ሴትዮ እጄ ሲንቀጠቀጥ ሰዓቱን ማየት አቅቶኝ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጤና ተቋሙ በር ላይ እንደገና ስቆጥር 52 ደርሷል፣ የጎድን አጥንቱ ሥርም ወደ ውስጥ መሳብ ጀምሯል።

ሁለት ሌሊት በኦክስጅን አደረ። ሆዱን አላጠቡትም፣ ልክ ነበሩ። ተረኛዋ ነርስ ወጣት ናት፤ መዝገቡን እየሞላች “ላምባው በምን ነበር የተቀመጠው?” አለችኝ። “በሃይላንድ” አልኳት። ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም በሥራዬ ዘመን ይህን ጥያቄ ለስንት እናት ጠይቄ፣ መልሱን ስሰማ ከንፈሬን እንደመጠጥኩ ትዝ አለኝ።

ልጄ ያን ማታ ከማርቆስ ደረሰች። አልጮኸችም፣ አልወቀሰችኝም። ልጇን ስማ፣ ግንባሩን ዳሳ፣ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ብዙ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“እማዬ፣ ክዳኑን እንዴት ከፈተው?”

መልስ አልሰጠኋትም። ልሰጣት ፈልጌ ነበር፣ ድምፄ አልወጣም። በማግስቱ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገርኳት፤ ሦስት ቀን ያስተማርኩትን፣ “በኋላ አነሳዋለሁ” ያልኩትን። እሷም ሰምታ “እሺ” አለች። ልጁ ሲሻለው ይዛው ተመለሰች። ለእንቁጣጣሽ አልመጡም። ለገናም አልመጡም። ስደውል ታናግረኛለች፣ ልጁንም ታገናኘኛለች፣ ግን “መቼ ትመጣላችሁ?” ስላት ወሬ ትለውጣለች። አልፈረድኩባትም።

ያን ጊዜ ነው ቤቴን እንደ አዲስ መመልከት የጀመርኩት። ሃይላንዶቼን ሁሉ ግቢ አውጥቼ ደረደርኳቸው፤ ሠላሳ ምናምን ሆኑ። አንዱ ውስጥ በረኪና ነበር፤ ከገበያ ስገዛው በሃይላንድ ነው የሸጡልኝ፣ እኔም እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። አንዱ ውስጥ ለትኋን የገዛሁት መድኃኒት ትራፊ ነበር። እነዚህን በእጄ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አሁን የሚበላና የሚጠጣ በተያዘበት ዕቃ ውስጥ ሌላ ነገር አልገለብጥም፤ ሻጩ በሃይላንድ ካልሆነ የለኝም ካለ አልገዛም። ላምባ የምገዛው በመጣበት ቆርቆሮ ነው።

ለእነሱም ሳጥን ሠራሁላቸው። እንጨቱ የቲማቲም ሳጥን ነው፤ ፈትቼ ሚስማሩን አቃንቼ እንደገና መታሁት። ማጠፊያ መግዛት አልፈለግሁም፣ የአሮጌ በርባሶ ጎማ በሁለት ቁራጭ ቆርጬ በሚስማር መታሁበትና ግሩም ማጠፊያ ወጣው። ግድግዳው ላይ፣ ከኔ ራስ በላይ ሰቀልኩት። ጓጉንቸር ቁልፉን ግን ገዛሁ፣ ደህናውን ገዛሁ። እሱ ላይ አልቆጥብም።

ስለ አንድ ሌላ ዕቃም ልናገር፣ ገበሬ ለሆናችሁ ወይም ገበሬ ዘመድ ላላችሁ። የጤፍ አረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ያምራል፣ ጠንካራ ነው፣ ክዳኑም አያፈስም። ስለዚህ ብዙ ቤት በአፈርና በቅጠል ታጥቦ የጠላ ወይም የውኃ መያዣ ሲሆን አይቻለሁ። መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፤ በማጠብ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ትክክለኛው አሠራር መድኃኒቱ እንዳለቀ ሦስት ጊዜ አለቅልቆ፣ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሮ ማሳው ላይ መርጨት፣ ከዚያ ጀሪካኑን ማንም ዳግመኛ እንዳይጠቀምበት መብሳት ነው። ዕቃ መብሳት ለኛ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም በጋለ ሚስማሬ የወንድሜን ሁለት ጀሪካኖች ስበሳ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ጠላ የጠመቀበትን ሦስተኛውን ግን ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ።

ለፋሲካ መጡ። ልጄ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቤቱን ትዞር ጀመር። ከበሩ ኋላ አየች፣ ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብላ አየች፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ አንድ በአንድ ነካካች። እኔ እንደ ሱፐርቪዥን ቀን ዝም ብዬ ከኋላዋ እከተላለሁ። ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ተንጠራርታ ቁልፉን ሳብ ሳብ አደረገችው።

“መክፈቻው የት ነው?” አለችኝ።

ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ፤ አውጥቼ አሳየኋት። ጎማውን ማጠፊያ ትንሽ ስታየው ቆየችና ፈገግ አለች፤ “በርባሶ ነው?” አለች። አዎ አልኳት።

ልጁ አራት ዓመት ሊሞላው ነበር፣ ቁመት ጨምሯል። “ሂድ እጅህን ታጠብ” አለችው እናቱ። ወደ በሩ ሮጦ የጀሪካኑን መርገጫ በሁለት እግሩ ዘሎ ወጣበት። ውኃው ወረደለት፤ ሌሊት ነበር የሞላሁት።